ከፋይቲንግ ጌም የወጣ ካራክተር እንዲመለስ ፕሮፖዛል እንዴት ይጻፋል

ክሮስኦቨር ፋይቲንግ ጌም (ከተለያየ ጌምና ታሪክ የመጡ ካራክተሮች አንድ ላይ የሚዋጉበት) የሚወድ ሰው መቼም አንድ የሚናፍቀው ካራክተር አያጣም፣ በአንዱ ክፍል ነበረ፣ በሚቀጥለው ጠፋ፣ ከዛ ወዲህ አዲስ ትሬይለር በወጣ ቁጥር “አሁን ይመጣል” እያሉ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ አፍጥጦ ማየት ነው። እዚህ የምጽፈው ያንን ናፍቆት እንዴት አድርጋችሁ ሰው አንብቦት “ይሄስ ያስኬዳል” የሚለው ፕሮፖዛል እንደምታደርጉት ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ አዲስ ካራክተር መጠየቅና የወጣ ካራክተር እንዲመለስ መጠየቅ የተለያየ ሥራ ነው። አዲስ ከሆነ ማን እንደሆነና ምን መሥራት እንደሚችል ታስረዳላችሁ። ተመላሽ ከሆነ ግን ያንን ሁሉም ያውቀዋል፣ አንባቢው የሚጠይቃችሁ “ታዲያ ለምን ወጣ? የወጣበት ምክንያት አሁን ተፈቷል? ቦታውንስ ማን ያዘው?” ብሎ ነው። እነዚህን ሳይነካ ስለ ልጅነት ትዝታው ሁለት ገጽ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል፣ ደስ ይላል ማንበቡ ግን ለማንም ምንም አያደርግለትም።

ምሳሌ ይዘን ብንሄድ ስለሚሻል እኔ ካፕቴን ኮማንዶን መርጫለሁ። የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኩባንያ የካፕኮም ሰው ነው፣ ስሙ ራሱ ከኩባንያው ስም ነው የወጣው፣ 1991 ላይ የራሱ የመንገድ ላይ ድብድብ ጌም ነበረው፣ 1998 ላይ የማርቨል ጀግኖችንና የካፕኮም ሰዎችን የሚያጋጥመው ማርቨል ቨርሰስ ካፕኮም ውስጥ ገባ፣ 2000 ላይ ሁለተኛውም ውስጥ ነበር፣ 2011 ላይ ሦስተኛው ሲወጣ የለም፣ 2017 ላይ ቀጣዩ ክፍል ኢንፊኒት ሲወጣም የለም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እናንተ የራሳችሁን ሰው አስቀምጡበት፣ ደረጃዎቹ አይቀየሩም።

1. ለየትኛው ጌም እንደሆነ ወስኑ

ይሄ ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ሰው ዝም ብሎ “ይመለስ” ይላል፣ የት? አሁን በገበያ ላይ ላለ ጌም በዲኤልሲ (ጌሙ ከወጣ በኋላ የሚጨመር ይዘት) ነው ወይስ ለሚቀጥለው ክፍል ነው? በዲኤልሲ ከሆነ ጌሙ አሁንም ካራክተር እየተጨመረበት መሆኑን አረጋግጡ። የኒንቴንዶው ክሮስኦቨር ስማሽ አልቲሜት ለምሳሌ 2021 ጥቅምት ላይ የኪንግደም ሃርትሱን ሶራን አስገብቶ ዘግቷል፣ ለሱ ዲኤልሲ መጻፍ ትርፉ ድካም ነው። መልቲቨርሰስ የሚባለው የዋርነር ብራዘርስ ክሮስኦቨር ደሞ ይባስ፣ 2024 ግንቦት ላይ በይፋ ወጥቶ ልክ በዓመቱ 2025 ግንቦት ላይ ኦንላይኑ ተዘጋ።

ለሚቀጥለው ክፍል ከሆነ ደሞ የቲሙን መጠን አስቡት። ማርቨል ቨርሰስ ካፕኮም 2 ሦስት ሦስት ሰው ነው የሚያጋጥመው፣ ኢንፊኒት ሁለት ሁለት። ሦስት ሰው ባለበት ጌም ውስጥ አንድ ካራክተር ራሱ ጎበዝ ባይሆንም አሲስቱ (ሌላው የቲሙ ሰው እየተዋጋ ሳለ ለአፍታ ተጠርቶ የሚሰጠው ምት) ጥሩ ስለሆነ ብቻ ሊመረጥ ይችላል፣ ይሄ ነገር ለካፕቴን ኮማንዶ ወሳኝ ስለሆነ በኋላ እመለስበታለሁ። እኔ የምጽፈው ሦስት ለሦስት ለሆነ ቀጣይ ክፍል ነው ብዬ ልያዝ።

2. የነበረበትን ጊዜ በሙሉ ጻፉ

የትኞቹ ክፍሎች ውስጥ ነበር፣ ከክፍል ክፍል ምን ተቀየረበት፣ በውድድር ሰው ይመርጠው ነበር ወይ፣ ከመረጠውስ ለምን። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ቪዲዮ ብቻ እያያችሁ አትጻፉ፣ ከቻላችሁ አሮጌውን ጌም ተጫወቱት። የድሮዎቹ ማርቨል ጌሞች 2024 ላይ በአንድ ስብስብ ተደርገው በድጋሚ ስለወጡ አሁን ሰበብ የለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በትዝታችሁ ውስጥ ያለው ካራክተርና በጌሙ ውስጥ ያለው ካራክተር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የፖኬሞኑን ሚውቱን ውሰዱ፣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አስፈሪ ነገር አድርጎ ነው፣ 2001 ላይ በወጣው የስማሽ ክፍል ሜሌ ውስጥ ግን ትልቅ ኢላማ፣ ቀላል ክብደት፣ ሲዘል የሚንሳፈፍ፣ ባጭሩ ደካማ ከሚባሉት ውስጥ ነበር። እሱን “እንደነበረ መልሱልን” ብሎ የጻፈ ሰው የጠየቀው ደካማውን ሚውቱ ነው ማለት ነው።

3. ለምን እንደወጣ እወቁ

ብዙ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ካራክተር የሚወጣበት ምክንያት ብዙ ዓይነት ነው፣ እያንዳንዱ ምክንያት ደሞ ሌላ ዓይነት መልስ ይፈልጋል።

አንዱ የማሽን አቅም ነው። አይስ ክላይምበርስ ሁለት ሰው ሆነው ነው የሚዋጉት፣ 2014 ላይ ስማሽ ለኒንቴንዶ ማሽኖች ለስሪዲኤስም ለዊ ዩም ሲሠራ ትንሿ ማሽን ልትሸከማቸው አልቻለችም፣ ዳይሬክተሩ ማሳሂሮ ሳኩራይ ደሞ የሁለቱም ሮስተር (የካራክተር ዝርዝር) አንድ እንዲሆን ስለፈለገ ከሁለቱም ወጡ። 2018 ላይ አልቲሜት ስዊች ላይ ሲመጣ ተመለሱ። እንደዚህ ዓይነት ከሆነ ፕሮፖዛላችሁ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ “ያኔ ያቃተው ማሽን ነው፣ አሁን ያ ማሽን የለም” ብላችሁ ማለፍ ነው።

ሌላው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የሜታል ጊሩ ስኔክ የኮናሚ ነው፣ ብሮል በሚባለው የስማሽ ክፍል ውስጥ ነበረ፣ 2014 ላይ የለም፣ 2018 ላይ መጣ። የሌላ ኩባንያ ካራክተር ሲሆን የናንተ ሙቭሴት (የምቶቹ ዝርዝር) የቱንም ያህል ቢያምር በሁለት ኩባንያዎች መሀል ያለ ስምምነት ነው የሚወስነው፣ ስለዚህ ባለቤቱ አሁን ከማን ጋ እየሠራ እንደሆነ፣ ካራክተሩን በቅርብ ለሌላ ጌም ፈቅዶ እንደሆነ ፈልጋችሁ አስቀምጡ። ከዛ ውጪ ማድረግ የምትችሉት የለም።

ሦስተኛው ተተክቶ ነው። የፋየር ኤምብለሙ ሮይ ሜሌ ውስጥ የገባው የራሱ ጌም ገና ሳይወጣ ነው፣ 2001 ላይ እሱ ስማሽ ውስጥ ነበር፣ ጌሙ የወጣው 2002 ላይ ነው፣ ብሮል ሲመጣ ወቅቱ የዚያው የፋየር ኤምብለም ሰው የአይክ ነበርና ወንበሩን አይክ ወሰደው። የዜልዳው ያንግ ሊንክም እንደዚሁ፣ በሱ ቦታ ቱን ሊንክ መጣ። ከዚህ ዓይነት ጋ ነው ክርክሩ የሚከብደው፣ ምክንያቱም ተተኪው ደጋፊ አለው፣ ተተኪውን አውጡልኝ ካላችሁ ጠላት ነው የምታፈሩት። ሮይ 2015 ላይ በዲኤልሲ ሲመለስ አይክ አልወጣም፣ ያንግ ሊንክ 2018 ላይ ሲመለስ ቱን ሊንክ እዛው ነበር። የማንም ስም ጠርታችሁ “በሱ ቦታ” አትበሉ።

አራተኛው ጊዜና ጉልበት ነው፣ የካፕቴን ኮማንዶ እዚህ ይመስለኛል የሚገባው። ማርቨል ቨርሰስ ካፕኮም 2 ውስጥ 56 ካራክተር ነበር፣ ይሄ ሁሉ ሰው የገባው አብዛኛው ከቀደሙት ጌሞች የተሳለ ሁለት ዲ ስፕራይት (ጠፍጣፋ የካራክተር ሥዕል) ስለነበረ ነው፣ ስፕራይቱን ወስዶ ማስገባት ነው። ሦስተኛው ክፍል ወደ ስሪ ዲ ሲሄድ ሁሉም ከዜሮ ሞዴል ሊሠራለት ግድ ሆነ፣ ሲወጣ 36 ካራክተር ብቻ ነው የነበረው። ከ56 ወደ 36፣ ያ ሁሉ ሰው ደጅ የቀረው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። እንግዲህ ይሄ የኔ ግምት ነው፣ ፕሮፖዛላችሁ ውስጥም ኩባንያው በይፋ ያልተናገረውን ነገር ስትጽፉ ግምት መሆኑን በግልጽ ጻፉ፣ ካልሆነ አንድ የሚያውቅ ሰው መጥቶ ያቺን መስመር ብቻ ይዞ ሌላውን ሁሉ ያፈርስባችኋል።

በታሪኩ ሞቷል የሚለውን እንደ ምክንያት አትቁጠሩት። ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ ውስጥ የመጨረሻው ባላንጣ ሩጋል 94 ላይ ራሱን ከመርከቡ ጋ አፈነዳ፣ 95 ላይ ኦሜጋ ሩጋል ሆኖ ተመለሰ፣ 98 ላይ ደሞ ጌሙ ራሱ ታሪክ የሌለው የህልም ግጥሚያ ነው ተብሎ የሞተውም ያልሞተውም አብሮ ገባ። ክሮስኦቨር ውስጥ ሞት ማንንም አግዶ አያውቅም።

4. ሥራውን ማን እየሠራለት ነው?

2017 ላይ ኢንፊኒት ሊወጣ ሲል የኤክስሜን ሰዎች የሉም ተብሎ ሰው ሲቆጣ ከካፕኮም በኩል የመጣው መልስ ባጭሩ ካራክተር ማለት ፈንክሽን ነው፣ ማግኔቶን የምትወዱት በአየር ላይ በየአቅጣጫው ስለሚፈጥን ነው፣ ያንን የሚሠራ ሌላ ሰው አለላችሁ የሚል ነበር። ሰው በጣም ነው የተናደደው፣ እስካሁን ይቀለድበታል። ደጋፊው ትክክል ነው፣ ማንም ሰው ማግኔቶን የሚወደው ለዳሹ (ለዛ ፈጣን መስፈንጠሩ) ብቻ አይደለም። ግን እናንተ ፕሮፖዛል ጸሐፊ ናችሁና ከዛ መልስ አንድ ነገር ውሰዱ፣ ከወዲያኛው ወገን የተቀመጠው ሰው እንደዛ ነው የሚያስበው። ወረቀታችሁ ላይ ሁለቱም ይኑር፣ ማንነቱም ሥራውም።

ሥራውን ለማወቅ እንዲህ አድርጉ። ካራክተሩ የሚታወቅበትን አንድ ነገር ጻፉ፣ አንድ ብቻ። ከዛ አሁን ያለውን ሮስተር በሙሉ አንድ በአንድ እያያችሁ ያንን የሚሠራ ሰው አለ ወይ በሉ። የካፕቴን ኮማንዶ ነገር ካፕቴን ኮሪደር ነው፣ መሬቱን በቡጢ ሲመታ ከታች እስከ ላይ የኤሌክትሪክ ዓምድ ይቆማል። በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ይሄ እንደ አሲስት ሲጠራ ከላይ የሚመጣን ሰው ስለሚያቆም ሰው ካፕቴኑን ራሱን መጫወት ባይፈልግም ለዛች አሲስት ብሎ ቲሙ ውስጥ ያስገባው ነበር፣ ከሳይሎክና ከሳይክሎፕስ አሲስቶች ጋ ስሙ አብሮ ይነሳል።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ይሄን ሥራ በከፊል የያዘው ፋይናል ፋይት ከሚባለው የካፕኮም ጌም የመጣው ሃጋር ነው፣ ደብል ላሪያቱ (እጆቹን ዘርግቶ የሚሽከረከርባት ምት) በአሲስትነት ስትጠራ ሰውን ከላያችሁ ላይ ታነሳላችኋለች። ልዩነቱን አያችሁት? የሃጋር በሰውነቱ ዙሪያ ነው፣ የካፕቴኑ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ ነው። ሃጋር ያላችሁበትን ቦታ ያስለቅቅላችኋል፣ ካፕቴኑ በሁለታችሁ መሀል ግድግዳ ያቆምላችኋል። ፕሮፖዛሉ የሚቆመው እዚህች ልዩነት ላይ ነው፣ ልዩነት ካላገኛችሁ ሰውየውን ለጊዜው ተዉትና ሌላ ፈልጉ፣ ወይ ደግሞ በትንሽ ወጪ የሚመለስበትን መንገድ ጠይቁ። ስማሽ አልቲሜት ውስጥ ኤኮ ፋይተር የሚባሉት አሉ፣ እንደ ሉሲናና እንደ ኬን፣ የሌላ ካራክተር አካልና ሙቭሴት ላይ ትንሽ ለውጥ ተደርጎ የሚሠሩ፣ ሰባት ናቸው። እንደሱ ይግባ ማለት ውርደት አይደለም።

5. ከወጣ ወዲህ ምን ተፈጠረ

ካራክተሩ ሌላ ቦታ ብቅ ብሏል ወይ? የመጣበት ጌም በድጋሚ ወጥቷል? ዓለሙስ? የካፕቴኑ የ1991 ጌም 2018 ላይ ካፕኮም ባወጣው የድብድብ ጌሞች ስብስብ ውስጥ አለ። ታሪኩ የሚካሄደው ሜትሮ ሲቲ ውስጥ ነው፣ የፋይናል ፋይቷ የሃጋር ከተማ ማለት ነው፣ ያቺ ከተማ ደሞ 2023 ላይ በስትሪት ፋይተር 6 ውስጥ እንደ አዲስ ተሠርታ ሰው በእግሩ እየዞረባት ነው። እና ይሄን ስታዩ ለመሳቅ ተዘጋጁ፣ የ1991ዱ ጌም “ወደፊት” ብሎ የሳለው ዓመት 2026 ነው።

እንደዚህ ያሉ ነገሮች ሁለት ወይ ሦስት ይበቃሉ። አስራ አምስት አድርጋችሁ ብትደረድሩ አንባቢው ኢንሳይክሎፒዲያ የሚያነብ ይመስለዋል።

6. ሙቭሴቱ

አሁን ደስ የሚለው ክፍል መጣ፣ ሰው ሁሉ ከዚህ ነው የሚጀምረው፣ ለዛም ነው የሚበላሸው።

ወረቀቱን ሦስት ቦታ ክፈሉት፣ እንዳለ የሚቆይ፣ የሚስተካከል፣ አዲስ። የሚቆየው ላይ እጃችሁን አጥብቁ፣ ሰውየው ሲመለስ ደጋፊው በመጀመሪያዋ ደቂቃ የሚሞክረው ያንን ነው፣ ከሌለ ተመለሰ አይባልም። ሮይ ሲመለስ ሰይፉ እጀታው አጠገብ ሲነካ ነበር ይበልጥ የሚጎዳው፣ ልክ እንደ ድሮው፣ የሌላው ሰይፈኛ የማርዝ ግን ጫፉ ላይ ነው። ያቺ አንዲት ነገር ናት ሁለቱን ሰይፈኞች የለየቻቸው፣ እሷን ነክተው ቢሆን ሮይ ጸጉሩን ቀይ የተቀባ ማርዝ ይሆን ነበር።

የሚስተካከለው ላይ ጥሩ ምሳሌ ፖኬሞን ትሬነር ነው። ብሮል ውስጥ ሦስት ፖኬሞን እየቀያየራችሁ ትዋጉ ነበር፣ ግን ሁለት የሚያበሳጩ ሕጎች ነበሩት፣ አንዱ ፖኬሞን ብዙ ከቆየ ይደክማል፣ ከሞተ ደሞ ወደዳችሁም ጠላችሁም ቀጣዩ ነው የሚመጣው። አንዱን ብቻ መጫወት የፈለገ ሰው ይቀጣ ነበር። 2014 ላይ ከሦስቱ ቻሪዛርድ ብቻ ቀረ፣ 2018 ላይ ትሬነሩ ሲመለስ እነዚያ ሁለት ሕጎች የሉም፣ መቀያየሩ ግን አለ። ሐሳቡ ተጠበቀ፣ ሰው የሚያማርርበት ነገር ወጣ፣ እናንተም ስታስተካክሉ እንደዚህ አስተካክሉ።

አዲስ የሚሆነው ላይ ቆጥቡ። ሁለት አዲስ ሙቭ፣ ቢበዛ ሦስት። ከዛ በላይ ከሆነ ሌላ ካራክተር እየሠራችሁ ነው። አዲሱ ሙቭ ከራሱ ታሪክ ይምጣ፣ ከሌላ ካራክተር አትቅዱ።

ለካፕቴኑ እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ይቆይ፣ ካፕቴን ፋየር ከእሳት ጓንቱ የሚወጣው አግድም ምት፣ ካፕቴን ኮሪደር፣ ካፕቴን ኪክ፣ ከሱፐሮቹ (ከትልልቆቹ ምቶች) ደሞ ካፕቴን ሶርድና ካፕቴን ስቶርም። ይስተካከል፣ ኮሪደሩ እንደ ድሮው ጠንካራ ሆኖ አሲስቱ ግን ተጠርቶ ሲያበቃ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ይርዘም፣ አለበለዚያ በየሁለት ሰከንዱ ግድግዳ ሲቆም ተቃራኒው አየር ላይ መውጣት ያቆማል፣ ማርቨል ላይ አየር ከዘጋችሁ ጌሙን ነው የዘጋችሁት። አዲስ ይግባ፣ ጓደኞቹ በደንብ ይጠሩ። ካፕቴኑ ሦስት ኮማንዶ አሉት፣ ማክ የሚባለው ሙሚ፣ ጊንዙ ኒንጃው፣ እና ቤቢ ሄድ፣ ሮቦት ውስጥ ተቀምጦ የሚዋጋ ሕፃን (አዎ ሕፃን፣ 90ዎቹ እንደዛ ነበሩ)። በድሮዎቹ ክፍሎች ብቅ ብለው መትተው ይሄዱ ነበር፣ አሁን ደሞ እያንዳንዳቸው የተለየ ሥራ ይኑራቸው፣ ጊንዙ ከኋላ ይምጣ፣ ማክ መሬት ለመሬት ይጥረግ፣ ቤቢ ሄድ ሰውን አንስቶ ያስፈንጥር፣ አንዱ ተጠርቶ ከተመታ ግን ለጥቂት ጊዜ አይመጣም። ይሄ ሌላ ማንም የሌለው ነገር ይሆናል፣ አሲስት የሚጠራ ሰው ራሱ የራሱን አሲስት ይዞ የሚመጣ።

ስለ ፍሬም ቁጥር ትንሽ ልበል። ፋይቲንግ ጌም በሰከንድ 60 ፍሬም ነው የሚሄደው፣ አንድ ሙቭ ተነስቶ እስኪመታ ስንት ፍሬም፣ የሚመታበት ስንት፣ ወደ ቦታው እስኪመለስ ስንት ተብሎ ይቆጠራል። ይሄን ማወቅ አለባችሁ፣ መጻፍ ግን ግድ የለባችሁም። ገና ሲስተሙ ለማይታወቅ ጌም “ኮሪደር በ14ኛው ፍሬም ይመታል” ብሎ መጻፍ ምንም አይነግርም፣ 14 ፍሬም በአንዱ ጌም ፈጣን በሌላው ዘገምተኛ ነው። በማነጻጸር ጻፉ፣ “ከመደበኛው ፕሮጀክታይል (ከሩቅ የሚወረወር ምት) ይዘገያል፣ ተቃራኒው አይቶ መከላከል ይችላል፣ ከሳተ ግን በሙሉ ኮምቦ ይቀጣል” ካላችሁ ዲዛይነሩ ቁጥሩን ራሱ ያወጣዋል።

7. ደካማ ጎኑን ራሳችሁ ጻፉ

ይሄን ሰው አይወደውም፣ የሚወደውን ካራክተር ማን ደካማ ያደርጋል። ግን ፕሮፖዛል ላይ ደካማ ጎን የሌለው ካራክተር ካየሁ እኔ በበኩሌ ማንበቤን አቆማለሁ፣ ጸሐፊው ስለ ጌሙ ሳይሆን ስለራሱ ማሸነፍ እያሰበ እንደሆነ ያስታውቃል። አንድ እውነተኛ ደካማ ጎን ስጡት፣ ተቃራኒው ሊጠቀምበት የሚችለውን። “ትንሽ ይዘገያል” በቂ አይደለም፣ ሁሉም ትንሽ ይዘገያል። ለካፕቴኑ፣ አየር ላይ አማራጭ የለውም፣ ዳሹ አጭር ነው፣ ኮሪደሩን አሳልፎ አጠገቡ የደረሰ ሰው ከባድ ችግር ውስጥ ይከተዋል፣ ጓደኞቹን ለመጥራት ደሞ ቦታ ያስፈልገዋል፣ ቦታ ካጣ ሦስቱም የሉም ማለት ነው። እንግዲህ ይሄን ሲያነብ አንድ ተጫዋች እንዴት እንደሚያሸንፈው ወዲያው ያስባል፣ ማሰብ ከጀመረ ካራክተሩ በጭንቅላቱ ውስጥ መንቀሳቀስ ጀምሯል።

8. ልብስ፣ ድምፅ፣ ስቴጅ

እዚህ ላይ ብዙ አትቆዩ። የመጀመሪያ ልብሱ የሚታወቅበት ይሁን፣ ተለዋጮቹ ላይ ተጫወቱ። ስቴጅ (የሚዋጉበት ቦታ) ከጠየቃችሁ አንድ፣ ሙዚቃ አንድ። ለካፕቴኑ ሜትሮ ሲቲ በ1991 ሰዎች በሳሏት 2026 መልክ፣ አለቀ። ከሌሎች ካራክተሮች ጋ ከመዋጋቱ በፊት የሚለዋወጧት አጭር ንግግር ካለ ሁለት ጻፉ፣ ከሃጋር ጋ መኖሩ ግድ ነው፣ የአንድ ከተማ ሰዎች በተለያየ ዘመን ሲገናኙ የሚባባሉት ነገር አለ።

9. ከቻላችሁ አንቀሳቅሱት

ወረቀት ላይ ያማረ ነገር በእጅ ሲነካ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ሙገን የሚባለው ኢንጂን ከ1999 ጀምሮ አለ፣ ነፃ ነው፣ የራሳችሁን ካራክተር ትሠሩበታላችሁ፣ ኢኬመን ጎ ደሞ ከሱ ጋ የሚስማማ ኮዱ ክፍት የሆነ አዲሱ አማራጭ ነው። ሐሳባችሁ እንደ ስማሽ ዓይነት ጌም ከሆነ ሪቫልስ ኦፍ ኤተር የመጀመሪያው ክፍል በስቲም ዎርክሾፕ ሰው የሠራውን ካራክተር ይቀበላል። ሥዕሉ ሳጥን ቢሆንም ችግር የለውም፣ የምትፈትኑት አንድ ነገር ነው፣ ያ አዲስ ያላችሁት ሙቭ ከነበሩት ጋ ይሄዳል ወይ የሚለውን። ጓደኛችሁን አጫውቱት፣ ምንም ሳትነግሩት፣ ዝም ብላችሁ እዩት፣ ጓደኛችሁ አንዱን ቁልፍ ብቻ እየደጋገመ ካሸነፋችሁ ወደ 7ኛው ተመለሱ።

የሌላ ሰው ስፕራይት ከተጠቀማችሁ ማን እንደሠራው ጻፉ፣ በምንም ዓይነት ደግሞ ገንዘብ አትጠይቁበት፣ ካራክተሩ የናንተ አይደለም።

10. አንድ ገጽ አድርጉት

እስካሁን የሠራችሁት ሁሉ ጥሬ ዕቃ ነው፣ ሰው የሚያነበው አንድ ገጽ ነው። ከላይ ስም፣ የነበረበት ክፍል፣ የሚመለስበት ጌም። ቀጥሎ በሦስት መስመር ለምን ወጣ፣ አሁን ምን ተቀየረ፣ ማንም የማይሠራውን ምን ይሠራል። የኔ እንዲህ ይላል፦

“ካፕቴን ኮማንዶ፣ በማርቨል ቨርሰስ ካፕኮም 1 እና 2 የነበረ፣ ሦስት ለሦስት ለሆነ ቀጣይ ክፍል። በግምቴ የወጣው ጌሙ ወደ ስሪ ዲ ሲሄድ ሁሉም ከዜሮ ስለተሠራና ቦታ ስለጠበበ ነው። ባለቤቱ ካፕኮም ራሱ ስለሆነ የፈቃድ ጣጣ የለውም፣ ከተማው ሜትሮ ሲቲም በስትሪት ፋይተር 6 ውስጥ ታድሳለች። በሁለት ተዋጊዎች መሀል ግድግዳ የሚያቆም አሲስት ይዞ ይመጣል፣ ራሱ ሲዋጋ ደሞ ሦስት ጓደኞቹን እየጠራ ቦታ ይይዛል። አየር ላይ ደካማ ነው፣ አጠገቡ ከደረሱበት ይሸነፋል።”

ከዛ በታች የሙቭ ዝርዝሩ፣ ከዛ ደካማ ጎኑ፣ ከዛ ልብስና ስቴጅ በሁለት መስመር። የቀረውን ለብቻው አስቀምጡት፣ ለሚፈልግ ሰው ታሳዩታላችሁ። አቀማመጡ ላይ አትጨነቁ፣ አንድ ጥሩ ሥዕል ግን ከብዙ ጽሑፍ ይሻላል፣ ዋናውን ሙቭ እየሠራ ያለበት ሥዕል ይሁን፣ ዝም ብሎ የቆመበት አይሁን።

11. የት ይሄዳል

ለኩባንያው በቀጥታ ከመላካችሁ በፊት ይሄን እወቁ፣ ትላልቆቹ ያልጠየቁትን ሐሳብ አይቀበሉም፣ ኒንቴንዶ በግልጽ ጽፎታል። ንቀት አይደለም፣ ነገ ተመሳሳይ ነገር ቢሠሩ “የኔ ሐሳብ ነው” የሚል ክስ እንዳይመጣባቸው ነው። ስለዚህ በር የሚከፈተው ራሳቸው ሲጠይቁ ነው። 2015 ላይ ከሚያዝያ 1 እስከ ጥቅምት 3 ስማሽ ማንን እናስገባ ብሎ ድምፅ ሰብስቦ ነበር፣ ባዮኔታ የገባችው ከዛ ነው፣ በድምፁ አንደኛ የነበረው ሶራ እንደሆነ ደሞ 2021 ላይ እሱ ሲገባ ሳኩራይ ተናገረ። ከድምፁ መዝጊያ እስከ መግባቱ ስድስት ዓመት ማለት ነው።

እንደዛ ዓይነት ድምፅ መስጫ ወይ የደጋፊ ጥያቄ መጠይቅ ሲመጣ የሚሰጣችሁ ቦታ አንድ ሁለት መስመር ነው፣ አሥረኛው ላይ ያለችው አጭር አንቀጽ የምትጠቅማችሁ ያኔ ነው፣ ለድምፅ መስጫው ከሷ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ትወስዳላችሁ። እስከዛ ሌላ ደጋፊ ያንብባት፣ ያርማት፣ በተለይ ካራክተሩን የማይወድ ሰው ስጡ፣ እሱ ያላመነበትን መስመር ቀይሩ። የደቨሎፐሮችን የግል አካውንት ግን ተዉ፣ በየቀኑ ስም እየጠሩ መጨቅጨቅ ካራክተሩን አይመልስም፣ ስሙ በተነሳ ቁጥር ሰዎቹ እንዲሰለቹ ያደርጋል እንጂ።

አዲስ ሮስተር በይፋ ሲወጣ ደሞ ፋይሉን ክፈቱና 4ኛውን እንደገና ሥሩት፣ ሥራውን የያዘ አዲስ ሰው ገብቶ ሊሆን ይችላል።